የኦላጁዋን እግር፣ የቅዳሜ ገበያ ጫማ፦ ለሴንተር ተጫዋች የሳልባጅ ጫማ ግምገማ

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ሳልባጅ ጫማ ተደርድሮ ከሚሸጥበት ቦታ ረጅም ልጅ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያነሳው ቀለሙ የደመቀውን፣ አርማው ጎልቶ የሚታየውን ነው። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ አርማውን ወደ ገዢው አዙሮ ይደረድራል። ሶሉን ገልብጦ የሚያይ ጥቂት ነው። ለቅርጫት ኳስ፣ ይልቁንም ከቅርጫቱ ሥር ለሚሠራው ሴንተር፣ ገንዘብ የሚከፈልበት ግን ሶሉ ነው። ይህ ግምገማ ለረጃጅሞቹ ልጆች፣ ለአሰልጣኞቻቸውና ብሩን ከኪሳቸው ለሚያወጡት ወላጆች ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

የምንገመግመው አንድ ሞዴል አይደለም። ከቦንዳ የሚወጣ ጫማ ዛሬ የታየው ነገ አይገኝምና ስም ጠርቶ «ይህን ግዙ» ማለት ለማንም አይረባም። የምንገመግመው ዓይነቱን ነው፤ መለኪያችን ደግሞ ናይጄሪያ ተወልዶ በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ በኤንቢኤ የተጫወተው ሴንተር ሀኪም ኦላጁዋን። ጫማው የኦላጁዋንን አዟዟር በሲሚንቶ ሜዳ ላይ ለመለማመድ ያስችላል ወይስ አያስችልም?

ኦላጁዋንን የመረጥንበት ምክንያት አለ። ዊልት ቻምበርሌይን ሲነሳ ቁመቱና ጉልበቱ፣ ሻኪል ኦኒል ሲነሳ ክብደቱ ይታወሳል። ኦላጁዋን ሲነሳ የሚታወሰው እግሩ ነው። ቁመት ከእግዜር ነው፤ የእግር ሥራ ግን በልምምድ ይገኛል፤ ስለዚህ ከታላላቆቹ ሴንተሮች ሁሉ ለጎንደር ልጅ የሚጠቅም ትምህርት የተወልን እሱ ነው። ጥር ወር 1963 (እ.ኤ.አ.፣ ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ሌጎስ ውስጥ ከሲሚንቶ ነጋዴ ቤተሰብ ተወለደ። በልጅነቱ የእግር ኳስ በረኛና የእጅ ኳስ ተጫዋች ነበር፤ የቅርጫት ኳስን የጀመረው አሥራዎቹን ዕድሜ ካጋመሰ በኋላ ነው። ጎንደር የፋሲል ከነማ ከተማ ናት፤ እዚህም ረጅም ልጅ ከተገኘ ቶሎ ጎል ላይ ይቆማል። ወላጅ ወይም አሰልጣኝ በዚህ ሊቆጭ አይገባም። ወደ ጎን በፍጥነት መንሸራተት፣ ኳሱ ከየት እንደሚመጣ ቀድሞ መገመት፣ በአንድ እግር ተስፈንጥሮ እጅን መዘርጋት የበረኛ ሥራ ነው፤ ኦላጁዋን ራሱም ለቅርጫት ኳስ ያበቃው ይኸው እንደሆነ ደጋግሞ ተናግሯል።

ውጤቱ ቁጥር ውስጥ ይታያል። በ1984ቱ የኤንቢኤ ምልመላ ሂዩስተን ሮኬትስ 1ኛ አድርጎ መረጠው፤ በዚያው ቀን ማይክል ጆርዳን የተመረጠው 3ኛ ነው። በ18 የውድድር ዘመን 26,946 ነጥብና 13,748 ሪባውንድ (ሳይገባ ተመልሶ የተያዘ ኳስ) ሰበሰበ። 3,830 ብሎኩ (የተጋጣሚን ውርወራ በእጁ ማገዱ) በኤንቢኤ ብሎክ መቆጠር ከጀመረ ወዲህ የሚስተካከለው አልተገኘም። ለእኛ ጉዳይ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን 2,162 ጊዜ ኳስ መንጠቁ ነው። ከ2,000 በላይ ብሎክ እና ከ2,000 በላይ ነጠቃ አብሮ ያስመዘገበ ሌላ ተጫዋች የለም። ሴንተር ኳስ የሚነጥቀው በቁመቱ አይደለም፤ እግሩ ወደ ጎን ሲፈጥን ነው።

በ1994 በአንድ የውድድር ዘመን የሊጉ ኮከብ፣ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይና የፍጻሜው ኮከብ ሆነ። ሦስቱን በአንድ ዓመት የጠቀለለ ከእሱ በቀር ማንም የለም። በዚያ ፍጻሜ ስድስተኛ ጨዋታ ሂዩስተን 86 ለ 84 እየመራ የኒውዮርኩ ጆን ስታርክስ በመጨረሻው ሰከንድ ለሦስት ነጥብ ሲወረውር ኦላጁዋን ከቅርጫቱ ሥር ወጥቶ ሦስት ነጥብ መስመር ድረስ ደርሶ ኳሷን በጣቱ ጫፍ ነካት። ሰባተኛውንም ጨዋታ አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ። በቀጣዩ ዓመት በምዕራቡ ክፍል 6ኛ ሆነው ጀምረው፣ የዚያን ዓመት የሊጉን ኮከብ ዴቪድ ሮቢንሰንን፣ ቀጥሎም የሻኪል ኦኒልን ኦርላንዶ 4 ለ 0 አሸንፈው ዋንጫውን ደገሙት። ጫማ ስትመርጡ ያቺን የስታርክስን ኳስ አስቡ፦ ከ2 ሜትር በላይ የሆነ ሰው አቅጣጫ ቀይሮ ወደ ጎን ሲገፋ ሙሉ ክብደቱ የሚያርፈው በጫማው የጎን ጠርዝ ላይ ነው።

ከጫማ ጋር የሚያገናኘው ሌላም ነገር አለ። በ1990ዎቹ አጋማሽ፣ በዝናው ጫፍ ላይ ሳለ፣ የሌሎቹ ኮከቦች ስም ያለበት ጫማ ከ100 ዶላር በላይ ሲሸጥ እሱ ስሙን የሰጠው በስፖልዲንግ ለተሠራና 35 ዶላር አካባቢ ለሚሸጥ ጫማ ነው። ደሃ ቤተሰብ ልጁ ለለመነው ጫማ መቸገር የለበትም የሚል አቋም ነበረው። ይህን ውሳኔ ከዋንጫዎቹ ጎን እናስቀምጠዋለን። ቅዳሜ ገበያ ላይ ለአርማ ብቻ ሁለት እጥፍ ዋጋ ሲጠራ ማስታወስ የሚገባው ይህን ነው።

አሁን ወደ እግሩ። ድሪም ሼክ ተብሎ የሚታወቀው የኦላጁዋን ማታለያ በቪዲዮ ሲታይ ውስብስብ ይመስላል፤ ሲፈታ ግን ጥቂት እርምጃ ነው። ጀርባውን ለቅርጫቱ ሰጥቶ ከቅርጫቱ ሥር ቀለም ከተቀባው ክልል ጠርዝ ላይ ኳስ ሲቀበል በሁለት እግሩ እኩል ያርፋል። በሁለት እግር እኩል ያረፈ ተጫዋች የፈለገውን እግር መሬት ላይ ተክሎ በእሱ ላይ መዞር ይፈቀድለታል፤ ተከላካዩ የትኛው እንደሚተከል አያውቅም፤ ማታለያው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ቀጥሎ ትከሻውንና ኳሱን ወደ ሜዳው መሀል ይወረውራል፤ እግሩ ግን አይነቃነቅም። ተከላካዩ ሲከተል በተተከለው እግር የፊተኛው መዳፍ ላይ ወደ ኋላ መስመር ይዞርና ወደ ኋላ እያጋደለ ይወረውራል። ተከላካዩ በዚህም ካልተታለለና አብሮ ከዘለለ፣ ኦላጁዋን አይወረውርም፤ የወረወረ አስመስሎ ነጻውን እግሩን በተከላካዩ ብብት ሥር አሳልፎ ይረግጥና ከሥር ያገባል። የተተከለው እግር ለመወርወር ወይም ለማቀበል ከመሬት ሊነሳ ይችላል፤ ተመልሶ ከማረፉ በፊት ግን ኳሱ ከእጅ መውጣት አለበት። ለድሪብል (ኳስ እያነጠሩ ለመሄድ) ከሆነ ደግሞ እግሩ ሳይነሳ ኳሱ ከእጅ ይወጣል። ብዙ ልጆች ላይ ፊሽካ የሚነፋባቸው እነዚህን ሁለቱን ሲያምታቱ ነው።

ይህ ሁሉ በ3 ሰከንድ ውስጥ ያልቃል፤ ቀለም የተቀባው ክልል ውስጥ ከዚያ በላይ መቆየት ጥፋት ነው። ክልሉ ከ2010 ጀምሮ 4.9 ሜትር ስፋትና 5.8 ሜትር ርዝመት ያለው አራት ማዕዘን ነው። ቀለሙ ያልታደሰ ሜዳ ላይ ወደ ታች እየሰፋ የሚሄደው የድሮው ቅርጽ ካለ በኖራም ቢሆን አዲሱን አስምሩ። በድሮው መስመር የለመደ ልጅ ከቅርጫቱ ርቆ መቀበል ይለምዳል፤ ያንን ለማስተው ብዙ ጊዜ ይፈጃል።

እንግዲህ ጫማው ከዚህ ምን ድርሻ አለው? የተተከለው እግር መሬቱን ይይዛል፣ ከዚያ ለቅቆ ይዞራል፣ መልሶ ይይዛል። መያዝና መልቀቅ እኩል ያስፈልጋሉ። አብዛኛው ገዢ የሚፈራው መንሸራተትን ብቻ ነው፤ የማይለቅ ሶል ግን ከሚያንሸራትተው የከፋ ነው። ሶሉ ሲሚንቶውን ነክሶ ሲቀር ሰውነት ይዞራል፣ እግር ይቀራል፣ ጠማማው ኃይል የሚያርፈው ጉልበት ላይ ነው። የጉልበት ጅማት የተበጠሰበት ልጅ ዓመት ሙሉ ከሜዳ ሊርቅ ይችላል፤ ጨርሶ የማይመለስም አለ።

የጎንደር የውጪ ሜዳዎች ሲሚንቶ ወይም አስፋልት ናቸው። በበጋ አቧራና ከዳር የሚገባ ደቃቅ አሸዋ፣ በክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም እርጥበትና የድንጋይ ሽበት አለባቸው። ደረቅ ሲሚንቶ ላይ የተነዛ አቧራ እንደ ተበተነ ተልባ ያንሸራትታል፤ ለዚህ መድኃኒቱ ጫማ አይደለም፣ መጥረጊያ ነው። ከልምምድ በፊት ቢያንስ ከቅርጫቱ ሥር ያለውን ክልል መጥረግ ለሴንተር ግዴታ ነው ብለን እናምናለን፤ ከ10 ደቂቃ በላይ አይፈጅም። በአዳራሽ የእንጨት ወለል ላይ እንዲጫወቱበት የተሠራ ለስላሳ ሶል ግን ሲሚንቶ ሻካራ ስለሆነ በጥቂት ወራት ውስጥ ይላጋል። ዓለም አቀፎቹ ፋብሪካዎች ይህን ስለሚያውቁ ለውጪ ሜዳ ጠንከር ያለ ጎማ ይሠራሉ። የናይኪ ጫማ ከሆነ ሶሉ ላይ «ኤክስ ዲ አር» የሚሉትን ሦስት የላቲን ፊደላት ፈልጉ፤ ጎማው ለውጪ ሜዳ የጠነከረ መሆኑን ያመለክታሉ።

ገበያ ላይ ጫማውን ስታነሱ ገልብጡት። የቅርጫት ኳስ ሶል አብዛኛውን ጊዜ የዚግዛግ መስመር አለው፤ ከአውራ ጣት ሥር ባለው ቦታ ደግሞ ብዙዎቹ ላይ ክብ ምልክት ይታያል። መዞሪያው ያ ነው። የቀድሞው ባለቤት ሴንተር ከነበረ ወይም ብዙ ከዞረ መጀመሪያ የሚያልቀው እሱ ነው። ጥፍራችሁን በመስመሩ ውስጥ አስገቡ፤ ጥፍር የማይዝ ከሆነ ሶሉ አልቋል፣ ቀሪው ምንም ያህል አዲስ ቢመስል አትግዙ። ሁለተኛው ፈተና ልስላሴው ነው። ጎማውን በአውራ ጣት ጥፍር ጫን በሉት። ትንሽ ገብቶ ከተመለሰ ሕያው ነው። ጥፍሩ ተንሸራቶ ከቀረና ጎማው እንደ ብርጭቆ ካብለጨለጨ ደርቋል፤ መስመሩ ጥልቅ ቢሆንም ያንሸራትታል። መጋዘን ውስጥ ዓመታት የከረመ «ያልተለበሰ» ጫማ ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ይታያል። ሻጩ «አንድ ቀን አልተረገጠበትም» ሲል እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ ያልተረገጠበት ግን ያረጀ ነው።

በጎማው ሶልና በላይኛው መካከል ያለው ስፖንጅ ከሁሉም በላይ ሰው የሚታለልበት ክፍል ነው። በብዛት የሚገኘው ሁለት ዓይነት ነው። ኢቫ የሚባለው ቀላል ስፖንጅ እያረጀ ሲሄድ ይጨመቃል፤ በጎኑ አግድም የተደራረበ ሽብሽባት ይወጣበታልና በዓይን ይታወቃል። ሽብሽባቱ ተረከዙ አካባቢ ጥልቅ ከሆነ ከዝላይ ሲታረፍ የሚቀበለው ነገር የለም። ሁለተኛው ፖሊዩሪቴን ነው፤ ከበድ ያለና ደንዳና። ይህኛው አይጨመቅም፣ በዚህ የተመሰገነ ነው፤ ነገር ግን ከአየር እርጥበት ስለሚጠጣ ከዓመታት በኋላ ከውስጥ ይበሰብሳል። አደጋው ከላይ ምንም አለማሳየቱ ነው። አምሮና ጸድቶ ይሸጣል፣ ሦስተኛው ወይም አራተኛው ጨዋታ ላይ ተረከዙ እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈርፍሮ ይወድቃል። የቆዩ ሞዴሎች ዳግም የተሠሩባቸው ውድ ጫማዎች ብዙዎቹ ይህ ስፖንጅ አላቸው፤ ስማቸው ትልቅ ስለሆነ ሳልባጅ ላይም ውድ ናቸው። ፈተናው ቀላል ነው፦ የስፖንጁን ጎን በአውራ ጣት አጥብቃችሁ ተጫኑ፣ ከዚያ ጫማውን ከፊት በኩል አጥፉ። ደቃቅ ስንጥቅ ከታየ፣ ዱቄት ካራገፈ ወይም ጣት ላይ ከተጣበቀ ይቅር። የናይኪ ጫማ ከሆነ ምላሱ ውስጥ ባለው ትንሽ ጨርቅ ላይ የተመረተበት ቀን ታትሟል፤ ከ10 ዓመት ያለፈውን ፖሊዩሪቴን በነጻ ቢሰጧችሁ እንኳ ለጨዋታ አይሆንም።

አየር የተሞላ ከረጢት ያላቸውን በተመለከተ ሁለቱንም ጫማ ጆሮ አጠገብ ይዛችሁ ተረከዙን ተጫኑ። ሲጥ ሲጥ ካለ ወይም አንዱ ከሌላው በጣም ከለሰለሰ ተንፍሷል። የተነፈሰ አየር አይጠገንም።

ሴንተር ከሌላው ተጫዋች ይልቅ ብዙ ይዘልላል። ለአንድ ሪባውንድ ሁለቴ ሦስቴ መነሳት የተለመደ ነው። እያንዳንዱ ማረፍ ከሰውነት ክብደት ብዙ እጥፍ ይጫናል፣ ሲሚንቶ ደግሞ ምንም አይቀበልም። ስለዚህ ተረከዙ ሥር ወፈር ያለ ስፖንጅ ያስፈልጋል። ከፊት፣ ከመዳፉ ሥር፣ ግን ቀጭንና ጠጣር መሆን አለበት፤ እዚያ የለሰለሰና የወፈረ ከሆነ እግር ሲዞር ይዋልላል። የሩጫ ጫማ ለሴንተር የማይሆንበት ምክንያትም ይኸው ነው። ከፍ ያለና ለስላሳ ነው፣ ወደ ፊት ለመሄድ የተሠራ ነው፣ ወደ ጎን ሲገፉት ይገለበጣል። ቁርጭምጭሚታቸውን ወለም ያላቸውን ልጆች ጫማ እዩ፤ ስንቱ የሩጫ ጫማ እንደሆነ ትታዘባላችሁ።

ቀጥሎ ጠምዝዙት። አንድ እጅ ተረከዙን፣ አንድ እጅ አፍንጫውን ይዞ እንደ ጨርቅ መጭመቅ ነው። ከፊት ሊታጠፍ ይገባል፣ መሀሉ ላይ ግን እምቢ ማለት አለበት። የደህና ጫማ መሀል ላይ ጠንካራ ሳህን ተቀብሯል፤ ሙሉ በሙሉ የሚጠመዘዝ ከሆነ ሳህኑ ተሰብሯል ወይም ከመጀመሪያውም አልነበረውም። ፎርጅዶቹ በብዛት የሚወድቁት በዚህ ፈተና ነው። ፎርጅድ ስለሆነ ብቻ ግን አትጣሉት፤ ፈተናዎቹን ካለፈ ጫማ ነው፣ ዋጋውን ብቻ እንደ ፎርጅድ ክፈሉ። ከኋላ ያለውን የተረከዝ መያዣ በሁለት ጣት ጨብጡት። ከተጣጠፈ ተረከዝ ይወጣል፣ ሲዞሩ እግር ጫማው ውስጥ ይዞራል። የቀድሞው ባለቤት ክሩን ሳይፈታ እየረገጠ ያጠለቀው ጫማ ሁልጊዜ እዚህ ላይ የሞተ ነው።

ጫማውን ጠፍጣፋ ነገር ላይ አቁማችሁ ከኋላ ተመልከቱት። ያገለገለ ጫማ የባለቤቱን አረጋገጥ ይዞ ይቀራል። ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጪ ያጋደለ ከሆነ የእናንተንም ልጅ ቁርጭምጭሚት በዚያው አቅጣጫ ይገፋዋል፤ ይህ በምንም ንጣፍ አይስተካከልም። ሁለቱም እግር አንድ ጥንድ መሆናቸውን በምላሱ ውስጥ ካለው የሞዴል ቁጥር አረጋግጡ። ቦንዳ ሲፈታ ተመሳሳይ ቀለም ያላቸው ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች አብረው ሊታሰሩ ይችላሉ።

ስለ ኮሌታው ብዙ ይወራል። ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን ረጅም ጫማ ከጉዳት ያድናል ብለው ለእሱ ብቻ የሚጨምሩ አሉ። ኮሌታው ከለሰለሰና ከተጨማደደ ቁመቱ ጌጥ ነው። ተረከዙን የሚይዝ ዝቅ ያለ ጫማ፣ ተረከዝ ከማይዝ ረጅም ጫማ ይሻላል።

ልኩ ላይ ወላጆች ብዙ ይሳሳታሉ፤ ምክንያቱንም እናውቃለን፣ ልጁ ያድጋል። የአውሮፓ ቁጥር አንዱ ከአንዱ የሚለየው በ6.7 ሚሊ ሜትር ነው። «ለከርሞም ይሁነው» ተብሎ ሁለት ቁጥር ሲጨመር ጫማው ውስጥ 1.3 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ቦታ ይፈጠራል። ልጁ ሲሮጥ አይታወቅም፤ ሲዞር ግን ጫማው ቆሞ እግሩ ይዞራል፣ የአውራ ጣት ጥፍር ይጠቁራል፣ መዳፍ ውሃ ይቋጥራል። ወፍራም ካልሲና ተጨማሪ ንጣፍ የሚሞላው ግማሽ ቁጥር ያህል ነው፤ ከዚያ በላይ አትጨምሩ። ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት፣ በተለይ እግር ሲያብጥ አመሻሽ ላይ፣ ልጁን ወረቀት ላይ አቁማችሁ ሁለቱንም እግር በእርሳስ ክበቡ፤ ረጅሙን በሴንቲ ሜትር ለኩ። ገበያ ላይ የአውሮፓውንና የአሜሪካውን ቁጥር ትታችሁ ምላሱ ውስጥ በሴንቲ ሜትር የተጻፈውን አንብቡ። ከእግሩ ርዝመት ከግማሽ እስከ 1 ሴንቲ ሜትር ቢበልጥ ልክ ነው። ጽሑፉ ከጠፋ የውስጡን ንጣፍ አውጥታችሁ ወረቀቱን በላዩ አድርጉ።

የመጨረሻው ፈተና እዚያው ገበያ ላይ ነው። ሻጮቹ አብዛኞቹ ደግ ናቸው፤ «እስቲ ለክቶ ይየው» ስትሏቸው እሺ ይላሉ። ሁለቱንም ጫማ በስፖርት ካልሲ አጥልቆ እስከ ላይ ይሰር። በሁለት እግር ዘልሎ ይረፍ። አንዱን ተክሎ በመዳፉ ላይ ሩብ ዙር ወደ ፊት፣ ሩብ ዙር ወደ ኋላ ይዙር፤ በሌላውም እግር ይድገመው። ከዚያ ትከሻውን ወደ አንድ ጎን ጥሎ በሌላው ጎን ሰፊ እርምጃ ወደ ኋላ ይርገጥ። ተረከዙ ከፍ ዝቅ ካለ ሰፍቶታል። ጣቶቹ ከፊት ከተጋጩ ጠቦታል ወይም ክሩ ላልቷል። ሶሉ ጩኸት ሳያሰማ፣ ሳይነክስ ከዞረ ጥሩ ነው። አፈር ላይ ይህን መሞከር አይረባም፤ ደረጃ ወይም የሱቅ በረንዳ ሲሚንቶ ፈልጉ።

ፍርዳችን እንዲህ ነው። ለጎንደር ሲሚንቶ አንደኛ የምናደርገው ዙሪያውን በክር የተሰፋ የጎማ ሶል፣ የኢቫ ስፖንጅና ቆዳ ወይም ወፍራም ሰው ሠራሽ ላይኛ ያለውን ነው። ሞዴሉ የቆየ፣ መልኩ ተራ፣ ክብደቱ ትንሽ የሚበልጥ ይሆናል፤ ግን ይቆያል፣ ሲላቀቅም ይጠገናል። ሁለተኛ፣ ሶሉ ወፍራምና መስመሩ ሰፋ ያለ የዘመኑ የውጪ ሜዳ ጫማ። ሦስተኛ፣ ለትንንሽ ልጆች፣ ጠፍጣፋ ሶል ያለው ሸራ ጫማ፤ ለማረፍ ምንም አይረዳም፣ እግርን ከመሬት ስለማያርቀው ግን የአዟዟር ትምህርት ለመጀመር ደህና ነው፣ የዝላይ ልምምድ አታብዙበት። ብርሃን የሚያሳልፍ ለስላሳ ሶልና እንደ ካልሲ የተሸመነ ላይኛ ያላቸውን ውድ ጫማዎች ለአዳራሽ ተውአቸው፤ ሲሚንቶ ላይ ሶላቸው ቶሎ ያልቃል፣ ሽመናውም የሴንተርን የጎን ግፊት አይችልም። ብሎን ያለው የእግር ኳስ ጫማ ሲሚንቶ ላይ በፍጹም አይደረግም።

ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ቁጥር አንጠራም። ሲከራከሩ ግን ጉድለቱን በጣት ማሳየት «ቀንስልኝ» ከማለት ይልቅ ይሠራል። የሚጠገን ጉድለት ለመደራደሪያ ይሁን፦ የተላቀቀ አፍንጫ፣ የጠፋ ክር፣ ያለቀ የውስጥ ንጣፍ። ያለቀ መዞሪያ፣ የፈረፈረ ስፖንጅ፣ የተሰበረ ተረከዝ ግን ዋጋው በግማሽ ቢወርድም አይገዛም።

የተላቀቀ ሶል ጫማ ሰፊ ዘንድ ሲወሰድ ሥራውን ቆማችሁ አሠሩ። የድሮው ሙጫ ተፍቆ ይውጣ፣ ሁለቱም ፊት በብርጭቆ ወረቀት ይሻክር፣ አቧራው ይጠረግ። ማስቲሹ በሁለቱም ፊት ላይ በስሱ ይቀባ፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጠበቅ፣ ጣት ሲነካው የማይጣበቅ እስኪሆን። ከዚያ አንዴ ገጥሞ አጥብቆ መደብደብ፣ አንድ ቀን ሙሉ ሳይለብሱት ማሳደር። ብዙው ጥገና የሚከሽፈው ማስቲሹ እርጥብ ሳለ ስለሚገጠምና ልጁ በዚያው ቀን ስለሚጫወትበት ነው። ዙሪያውን በክር ቢያሰፉት ይበልጥ ይጸናል፤ አየር ያለበትን ግን መርፌ አታስነኩት። በመኪና ጎማ ሶል ማስለወጥ የሚያቀርቡላችሁ አሉ። ለመንገድ ይሁን፣ ለሜዳ አይሁን። ከባድ ነው፣ አይታጠፍም፣ የጎማው ጥርስም ሲሚንቶውን ነክሶ አይለቅም፤ ቀደም ብለን የፈራነውን የጉልበት ጉዳት የሚጠራው እንዲህ ያለው ነው።

የተገዛው ጫማ ለሜዳ ብቻ ይሁን። ከማራኪ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ትምህርት ቤት በእግር የሚሄድበት ከሆነ ኮብልስቶኑ መዞሪያውን ሳይጫወትበት ይጨርሰዋል። ልጁ ሜዳ ሲደርስ ይቀይረው። ከጨዋታ በኋላ ሶሉን በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ፣ ክሩን አላልቶ ምላሱን ከፍቶ ጥላ ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል። በክረምት ሲረጥብ ከሰል አጠገብ ወይም ቀጥታ ፀሐይ ላይ አታድርቁት፤ ሙቀት ማስቲሹን ያላቅቃል፣ ጎማውንም ያደርቃል። ንጣፉን አውጥታችሁ ውስጡን በጋዜጣ ሙሉት፤ ወረቀቱ ሲረጥብ ለውጡ፤ በአንድ ሌሊት ካልደረቀ በማግስቱ ልምምዱ የአዟዟር ሳይሆን የእጅ ይሁን።